ቂም ይዞ ጸሎት፦ ስለ ይቅርታና ስለ እርቅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ናት። ከየትኛውም ሰፈር ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ብዙ መንገድ አይጠይቅም፤ የተጣሉት ሰውም እንደዚያው ቅርብ ነው፤ በአጥር፣ በእድር፣ በማኅበር፣ በለቅሶ ቤት ይገናኛል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ጾም ሊገባ ሲል፣ የማኅበር ቀን ሲደርስ ወይም ሰው ለመቁረብ ሲያስብ የሚነሱ ናቸው። መልሶቹ የተመሠረቱት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርትና በአካባቢው የሽምግልና ልማድ ላይ ነው።

የክርስቲያን መጠራት ከይቅርታ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ከእስር ሆኖ ሲጽፍ፣ ለተጠራችሁበት መጠራት እንደሚገባ ተመላለሱ ካለ በኋላ ወዲያው የጠራው ትሕትናን፣ የዋህነትን፣ ትዕግሥትንና በፍቅር መቻቻልን ነው (ኤፌ. 4፥1-2)። ያንኑ ምዕራፍ የሚዘጋውም እርስ በርሳችሁ ይቅር ተባባሉ ብሎ ነው። ስለዚህ መጠራት ሲባል ክህነትን፣ ዝማሬን ወይም ሰንበት ትምህርት ቤትን ብቻ የሚያስብ ሰው የቅርቡን ስቶታል። መጠራቱ መጀመሪያ የሚፈተነው ወሰን ላይ፣ ውርስ ላይ፣ ብድር ላይ ነው።

ይቅርታና እርቅ አንድ ናቸው?

አይደሉም። አብዛኛው እርቅ የሚፈርሰውም አንድ ናቸው ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። አራት ነገሮችን ለየብቻቸው ማየት ያስፈልጋል።

ይቅርታ የተበዳዩ ሥራ ነው። በደለኛው ባይጠይቅም፣ ውጭ አገር ቢሆንም፣ ቢሞትም ይቻላል። ትርጉሙ “ብድሬን አልመልስም፣ ክፉ እንዲያገኘው አልመኝም፣ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ” ማለት ነው። እርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ጥፋቱን አምኖ፣ ሌላው ተቀብሎ፣ የተቋረጠው ሰላምታ ሲመለስ ነው እርቅ ወረደ የሚባለው። ካሳ የጎደለውን መመለስ ነው። ዘኬዎስ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ ጌታም ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል ያለው ከዚህ ቃል በኋላ ነው (ሉቃ. 19፥8-9)። አራተኛው መተማመን ነው፤ እርሱ በአንድ ቀን አይመጣም። 40,000 ብር ወስዶ የካደን ወንድም ዛሬ ይቅር ማለት ይቻላል፤ ነገ የዕቁብ ዳኛ ማድረግ ግን የማንም ግዴታ አይደለም።

የዮሴፍን ታሪክ ልብ ብሎ ያነበበ ይህን ያያል። ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ግብፅ ሲወርዱ አልተበቀላቸውም፤ ስንቅ ሰጥቶ፣ ብራቸውን በየስልቻቸው መልሶ ሰደዳቸው። ማንነቱን ግን ወዲያው አልገለጠም። ታናሹን ብንያምን እንደ እርሱ ጥለውት ይሄዱ እንደሆነ አየ። ይሁዳ “በእርሱ ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን” ባለ ጊዜ ነው እንባውን መግታት ያቃተው። ምሕረቱ ከመጀመሪያው ነበረ፤ መተማመኑ ግን የወንድሞቹን መለወጥ ጠበቀ።

“ይቅር ብያለሁ” እላለሁ፤ ልቤ ግን እምቢ ይለኛል። ምን ላድርግ?

ይቅርታ መጀመሪያ ውሳኔ ነው፤ ስሜቱ ከኋላ ይከተላል፤ አንዳንዴ ብዙ ወር ይዘገያል። ልብ ስላልሞቀ ይቅርታው ሐሰት ነው ማለት አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በደሉን በማሳነስ ነው። “ምንም አይደለም፣ ትንሽ ነገር ናት” ብሎ ራሱን ይሸነግላል፤ በሦስተኛው ቀን ንዴቱ ይመለሳል። ጌታ በማቴዎስ 18 በተናገረው ምሳሌ ባልንጀራው የነበረበት ዕዳ 100 ዲናር ነው። ዲናር በዚያ ዘመን የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ነበር። አዘዞ ላይ ድንጋይ የሚሸከም የቀን ሠራተኛ አንድም ቀን ሳያርፍ ቢሠራ የሦስት ወር ከአሥር ቀን ደመወዙ ማለት ነው። ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ጌታም ትንሽ ነው አላለም። ነገር ግን ያ ባሪያ ራሱ የተማረለት 10,000 መክሊት ነበር። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ይመጣል፤ የተማረው እንግዲህ ከተጠየቀው 600,000 እጥፍ ነው። ስለዚህ በደሉን በልኩ ይመኑት፤ “አዎ፣ ሦስት ወር ሙሉ የሠራሁትን ወስዶብኛል” ይበሉ፤ ከዚያ የራስዎን መክሊት አጠገቡ ያስቀምጡ።

የየዕለቱ ሥራ ይህ ነው፦ በዘወትር ጸሎት አቡነ ዘበሰማያት ሲደርሱ “ከመ ንሕነኒ ንኅድግ ለዘአበሰ ለነ” (እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል) የሚለው ላይ ቆም ይበሉ፤ የሰውየውን የክርስትና ስም ይጥሩ፤ “ማረው፣ እኔንም ማረኝ” ብለው ይለፉ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በአንድ የጾም ወቅት፣ ለምሳሌ በፍልሰታ 15 ቀናት ውስጥ፣ ሳይቋረጥ ቢደረግ ለውጡ ይታያል። የሚያበላሸው በጸሎት ያወረዱትን ቡና ላይ መልሶ ማንሳት ነው። በደሉን ለአንድ የንስሐ አባትና ለአንድ የታመነ ሰው መናገር ይበቃል፤ ለአምስተኛ ሰው ሲነገር ቁስሉ እንደ አዲስ ይከፈታል።

በዳዩ እኔ ነኝ። ይቅርታ እንዴት ልጠይቅ?

ጥፋቱን በስሙ ይጥሩት። “ካስቀየምኩህ ይቅርታ” ይቅርታ አይደለም፤ “ካ” የምትለው አንዲት ፊደል ጥፋቱን ወደ ተበዳዩ ስሜት ታዞረዋለች። “በሰኔ ወሰኑን ሁለት ክንድ አልፌ አረስኩ፤ ስትጠይቀኝም ዋሸሁ” ማለት ግን ይቅርታ ነው። ከዚያ ያመጣውን ጉዳት ይናገሩ፤ “በዚህ ምክንያት አጥርህን ሁለት ጊዜ ሠራህ፤ በልጆችህ ፊትም አዋረድኩህ።” ሰበብ አይጨምሩ፤ “ግን አንተም” የሚለው ቃል ከገባ ንግግሩ ተመልሶ ክርክር ይሆናል። የእርሱ ድርሻ ካለ እርሱ ራሱ ያንሳው። የሚመልሱትን በመጠንና በቀን ይናገሩ። በመጨረሻ “ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ” ብለው ዝም ይበሉ። መልሱን አያጣድፉ፤ “ጊዜ ስጠኝ” ማለትም መልስ ነው።

ባዶ ሆድ፣ ማለዳ፣ ብቻ ለብቻ ይመረጣል። ጠላ ወይም አረቄ ከተቀመሰ በኋላ የተጠየቀ ይቅርታ በማግስቱ አይታመንም።

ሽማግሌ መላክ ያለብኝ መቼ ነው? እንዴትስ ይመረጣል?

ወንጌሉ ቅደም ተከተሉን አስቀምጧል (ማቴ. 18፥15-17)። መጀመሪያ አንተና እርሱ ብቻ፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። በተግባር የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፤ ነገሩ መጀመሪያ ሰፈር ይሰማዋል፣ ቀጥሎ ሽማግሌ ይላካል፣ ባለጉዳዩ መጨረሻ ላይ ይሰማል። ሰው በጓሮ በር የሰማውን ነገር ይቅር ለማለት በጣም ይከብደዋል። ስለዚህ አስፈሪ ነገር ከሌለ በስተቀር መጀመሪያ ራስዎ ይሂዱ።

ራስዎ ሄደው ካልሆነ ሦስት ሽማግሌ ይበቃል፤ ከየወገኑ አንድ አንድ፣ ሦስተኛውን ሁለቱም የተስማሙበት። ከሦስቱ አንዱ ካህን ቢሆን ጥሩ ነው፤ የአንደኛው ወገን የንስሐ አባት ብቻውን ባይገባ ግን ይሻላል፣ ያደላል ተብሎ ይጠረጠራልና። ጉዳዩ በማኅበርተኞች መካከል ከሆነ የማኅበሩ ሙሴ (መሪው) ራሱ ይገባበታል። በብዙ ማኅበር የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ አይቀምስም፤ ስለዚህ የማኅበሩ ቀን እንደ ቀነ ገደብ ያገለግላል። የሥላሴ ማኅበር ከሆነ ወሩ በገባ በ7፣ የሚካኤል ከሆነ በ12፣ የማርያም ከሆነ በ21 ነው። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ መጀመር ያስፈልጋል፤ ጽዋው ሊነሳ ሲል በጥድፊያ የተደረገ እርቅ ፊት ለማዳን ያህል ነው።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የተበዳዩ ቤት ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ቀን “አልፈልግም” መባል የተለመደ ነው፤ ተስፋ ቆርጠው አይቅሩ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ይመለሱ። ሁለቱን ወገን ለየብቻ ሰምተው፣ የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን ለይተው ሳይጨርሱ ፊት ለፊት ማገናኘት ስህተት ነው። ሲያገናኙም ተበዳዩ ሳይቋረጥ እስኪጨርስ ይናገር።

ሽምግልና የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቃል ነው፤ “ተዉት፣ ያለፈ አልፏል።” ሽማግሌው ሰላም ፈልጎ ነው የሚለው፤ ተበዳዩ ግን ገና አልተሰማም። እውነቱ ሳይወጣ ከንፈር የተሳሳመ ሰው በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ይጣላል። ሁለተኛው ብልሽት በዕድሜ መጫን ነው፤ ታናሽ የሆነ ሁሉ ጥፋተኛ ይደረጋል። ታላቅ ወንድምም ይበድላል፤ ሽማግሌ ይህን በግልጽ ለመናገር ድፍረት ከሌለው ባይገባ ይሻለዋል።

ድንጋይ መሸከም ግድ ነው?

ግድ አይደለም። በደለኛው ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ሲገባ፣ ተበዳዩ ተነስቶ ድንጋዩን አውርዶ “ይቅር ለእግዚአብሔር” ሲለው ከብዙ ንግግር በላይ ይናገራል። አቅም ለሌለው አዛውንት ወይም ለታመመ ሰው ትንሽ ጠጠር ይበቃል። በደሉ በአደባባይ የሆነ ከሆነ ይህ ልማድ ያማረ ነው፤ በባልና ሚስት ወይም በልጅና በአባት መካከል በስውር የሆነውን ግን ሰው ሰብስቦ ድንጋይ ማሸከም ውርደት ይሆናል፣ ውርደት ደግሞ አዲስ ቂም ይወልዳል።

ከታረቅን በኋላ የገንዘቡና የወሰኑ ነገርስ?

ይጻፍ። “በእግዚአብሔር ስም ታርቀን እንዴት ወረቀት ይጻፋል” የሚሉ አሉ፤ ወረቀቱ ግን እርቁን ከመርሳትና ከወራሾች ክርክር ይጠብቀዋል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ምን እንደሚመለስ፣ ስንት ብር፣ በስንት ጊዜ፣ በየትኛው ቀን፤ ወሰን ከሆነ ከየት እስከ የት እንደሆነ በቋሚ ምልክት። ሁለቱም ወገኖችና ሽማግሌዎቹ ፈርመው እያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ቅጂ ይያዝ። ክፍያ በአንድ ጊዜ ካልተቻለ ትንሽም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ይሰጥ። ጊዜ የሌለው “እከፍላለሁ” አይጠቅምም። በዳዩ በእውነት ድሃ ከሆነ ተበዳዩ ሊምረው ይችላል፤ ይህንንም በግልጽ ይናገር፣ ሌላው በየዓመቱ ዕዳ እንዳለበት ሆኖ እንዳይኖር።

ሳልታረቅ መቁረብ እችላለሁ? እርሱ እምቢ ካለኝስ?

ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል (ማቴ. 5፥23-24)። ቃሉ የሚናገረው “ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ነገር እንዳለው ብታስብ” ነው፤ ቅሬታው የእርሱ ቢሆንም መሄድ ያለበት መባ ያዡ ነው። በቅዳሴም ዲያቆኑ “ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት” (በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) ሲል ሕዝቡ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እጅ የሚነሳው ለዚህ ነው። ለመቁረብ 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ የተከለከለ ሰው አጠገቡ የቆመውን ጎረቤቱን ፊት ከነሳ ጾሙን አጉድሎታል።

ሄደው፣ ጠይቀው፣ ካሳውን አቅርበው እርሱ እምቢ ካለ ግን የእርሱ እምቢታ እርስዎን አያስርም። ጳውሎስ “ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ” ይላል (ሮሜ 12፥18)፤ “በእናንተ በኩል” የሚለው ቃል ትልቅ ዕረፍት ነው። ስንት ጊዜ እንደሄዱ፣ ማንን እንደላኩ፣ ምን እንደተባለ ለንስሐ አባትዎ በዝርዝር ይንገሩ። ይቁረቡ ወይም ይቆዩ የሚለውን የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። “ሄጃለሁ” ሲሉ ግን በእርግጥ ሄደው መሆን አለበት፤ አንድ ጊዜ ደውሎ ስልኩ ስላልተነሳ መሄድ አይባልም።

“ደጁን አልረግጥም” ብዬ ምያለሁ። መሐላዬን እንዴት ልተወው?

ለክፋት የተማለ መሐላ አይጠበቅም፤ ሄሮድስ ስለ መሐላው ብሎ ዮሐንስን ማስገደሉ ለዚህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ነገር ግን መሐላን ዝም ብሎ ማፍረስም ስለማይገባ ወደ ንስሐ አባት ይሂዱ፤ የማሉትን ቃል እንዳለ ይናገሩ፤ ቀኖና ይቀበሉ፤ “እግዚአብሔር ይፍታህ” ሲባሉ ይሄዳሉ። ካህን የገዘተው ከሆነ የሚፈታውም ካህን ነው፤ በተቻለ መጠን ያው የገዘተው ካህን ቢሆን ይመረጣል።

ባሌ ይመታኛል። ይቅር ብዬ ልቀመጥ?

ይቅር ማለት ለዱላ ጀርባ ማመቻቸት አይደለም። መጀመሪያ ከአደጋው ይውጡ፤ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ቤት ይሂዱ፤ ጉዳት ካለ ሐኪም ይየው፣ ለፖሊስም ያመልክቱ። የይቅርታው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ርቆ ተቀምጦም ይቅር ማለት ይቻላል። ሽማግሌ ከመጣ የሚጠየቀው “ትመለሻለሽ ወይ?” ሳይሆን “እርሱ ምን ለወጠ?” ነው፤ መጠጡን ትቷል? ንስሐ ገብቷል? ስንት ወር ሆነው? ሁለት ልጅ አለሽና ተመለሺ ብሎ የሚያስታርቅ ሽማግሌ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ይወቅ።

ደም ያለበት ጉዳይስ?

ይህ ለጎረቤት ሽማግሌ ብቻ የሚተው አይደለም። ደም ለማድረቅ የሚገቡት በሁለቱም ወገን የተከበሩ ሽማግሌዎችና ካህናት ናቸው፤ ብዙ ጊዜ መስቀል ይዘው ይገባሉ፤ የሟች ቤተሰብ ሐዘን ጋብ እስኪል ይጠበቃል። የገዳይ ወገን በዚያ ጊዜ ውስጥ በገበያም ሆነ በመንገድ ከሟች ወገን ፊት ዞር እንዲል ይመከራል፤ ፈርቶ ሳይሆን ቁስልን ላለመንካት። እርቁ በቀልን ያስቀራል፤ የመንግሥትን ክስ ግን አያስቀርም። ግድያ በሽማግሌ ተዘግቶ ከፍርድ ቤት የሚወጣ ነገር አይደለም። ይህን አስቀድሞ ለሁለቱም ወገን መንገር ያስፈልጋል፤ “ታርቀን እንዴት ታሰረ” የሚለው ንዴት ብዙ እርቅ አፍርሷል።

የተጣላሁት ሙስሊም ጎረቤቴን ነው። ሥርዓቱ ይለያል?

ፍቅሩም ግዴታውም ያው ነው። ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም እምነት ይሁኑ፤ አንዱ ወገን ቄስ ከላከ ሌላው የሚያከብራቸውን ሼህ ይጋብዝ። ማዕዱን ያስቡበት፤ ክርስቲያኑ የእስላም እርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን እርድ ስለማይበላ ሥጋ ያለበት ድግስ ለአንዱ ያስቸግራል። ቡና፣ ዳቦ፣ ሽሮ ሁሉንም ያገናኛል። ጠላም አይቅረብ።

የበደልኩት ሰው ሞቷል።

ለንስሐ አባት ይናዘዙ፤ ዕዳ ከነበረ ለወራሾቹ ይክፈሉ፤ ስሙን ያጠፉት ከሆነ በዋሹበት ቦታ፣ በዋሹላቸው ሰዎች ፊት እውነቱን ይናገሩ። በጸሎተ ፍትሐት የክርስትና ስሙን ያስጠሩ፤ ለድሆች የሚሰጡትንም በስሙ ይስጡ።

ጾም ሲገባ በቴሌግራም “ያስቀየምኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ” ብሎ መላክ ይበቃል?

ለብዙዎቹ አይከፋም፤ ሰውን የሚያስታውስ መልካም ልማድ ነው። በእውነት ለተበደሉት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ግን አይበቃም፤ እንዲያውም ያስቆጣቸዋል፣ በመቶ ሰው መካከል ተጠቅልለው ስለሚያገኙት። በቅበላ ሳምንት፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት፣ ወረቀት ላይ ስማቸውን ይጻፉ፤ በአካል ይሂዱ። ውጭ አገር ያለ ከሆነ በድምፅ ይደውሉ፤ ጽሑፍ ድምፅን አይተካም፣ የይቅርታ ቃል በጽሑፍ ሲነበብ እንደ ክስ ሊሰማ ይችላልና። ጳጉሜንም ለዚህ ምቹ ናት፤ አምስቱ ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴም ስድስቱ ቀን፣ ዘመኑ ሳይለወጥ ቂሙን ለማውረድ ይበቃሉ።

ታርቀን በወሩ እንደገና ተጣላን። እርቁ ሐሰት ነበር ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ቁስል ሽሮም ሲነካ ያማል። መጀመሪያ የተጣላችሁት በአዲስ ነገር ነው ወይስ በአሮጌው? በአሮጌው ከሆነ ያልተነገረ ነገር ቀርቷል ማለት ነው፤ ያንኑ ሽማግሌ ይመልሱ፣ የተፈረመውም ወረቀት ይታይ። በአዲስ ከሆነ እንደ አዲስ ይያዝ፤ “ድሮም እንደዚህ ነህ” ተብሎ ከይቅር ከተባለው ጋር አይደመር። ጴጥሮስ እስከ ሰባት ጊዜ ልተውለትን ብሎ ሲጠይቅ ጌታ እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት ብሎታል (ማቴ. 18፥21-22)።

ከእርቅ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ወር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰላምታውን እርስዎ ይቅደሙ። እርሱ ቤት ለቅሶ ከደረሰ አይቅሩ፤ እዝን ይዘው ይሂዱ። ገንዘብ አይበዳደሩ፤ ከብት አይጋሩ፤ ልጆቻችሁንም ለጠብ መልእክተኛ አታድርጓቸው። ሽማግሌዎቹም በ40 ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ሁለቱንም ለየብቻ ቤታቸው ድረስ ሄደው ቢጠይቁ፣ ሳይፈርስ የሚያዝ ብዙ ነገር ያገኛሉ።